ለስለት የገባው የብር ዶላር

ሽማግሌው ሳንቲም ሲያዩ ትንፋሻቸውን ይይዙ ነበር። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት የታመሙ መስሎኝ ክው አልኩ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ዘርግተው፣ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ደግነው፣ አንዲት ብር በሁለት ጣት ጠርዝ ጠርዟን ይዘው ዝም። ደረታቸው አይንቀሳቀስም። ስልክ ላነሳ ስል ብሯን ፎጣው ላይ አስቀመጡና አየር ሳቡ።

"ትንፋሽ ያበላሻታል" አሉኝ። "ጣትም ያበላሻታል። በጠርዟ ብቻ ነው የምትያዘው።"

ኤጀንሲ ቀጥሮኝ ነው እሳቸውን የምንከባከበው። ዴንቨር፣ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር ካሉት የድሮ አፓርታማዎች ባንዱ ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ከጎረቤቷ ከተማ ከአውሮራ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት እነሳና በኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ እሄዳለሁ። አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስውጣቸዋለሁ፣ ቤቱን አጽድቼ እመለሳለሁ። እንግሊዝኛዬ ለዚያ ይበቃ ነበር፤ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት። ከዚያ ካለፈ ራሴን ነቅንቄ እገላገላለሁ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደል ቆጥሬ፣ ስሜን መጻፍ ስችል አቆምኩ። ይችንም የምጽፈው እየለቀምኩ ነው።

ማስታወስ እያቃታቸው ነበር። የቁርሳቸው ሳህን ከፊታቸው ሳይነሳ "ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?" ይላሉ። እኔንም አንዳንድ ቀን በስሜ ይጠሩኛል፣ አንዳንድ ቀን "ማን ላከሽ?" ይሉኛል። የልጃቸው ስም ይጠፋባቸዋል። የሳንቲም ነገር ሲነሳ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ይህቺን ከማን እንደገዟት፣ ያቺን ከየትኛው ሱቅ መልስ ውስጥ እንዳገኟት፣ ሁሉን ያውቃሉ። ከልጅነታቸው ጀምረው የለቀሙት ነው። ወዳጅ መስለው መጥተው "ሽጥልን" የሚሏቸው ሰዎች ነበሩ፤ በር ላይ ነው የሚመልሷቸው።

እኔን ግን አጠገባቸው አስቀምጠው ያሳዩኝ ነበር። "ፊደሏን ፈልጊ" ይሉኛል። ለካ የአሜሪካ ሳንቲም የተመታበት ከተማ ፊደል በጣም ትንሽ ሆና ትቀረጽበታለች። ዲ ካለች እዚሁ ዴንቨር፣ ከእሳቸው ቤት በእግር በሚደረስበት ፋብሪካ የተመታች ናት። ኤስ የሳን ፍራንሲስኮ። ኦ የኒው ኦርሊንስ። ሁለት ሲ ጎን ለጎን ያሉባት ደግሞ ካርሰን ሲቲ ከሚባል ከተማ ናት፤ ፋብሪካው ድሮ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ሰው ይፈልጋታል። እንዲህ ያለች አንዲት ትልቅ የብር ዶላር ነበረቻቸው። እሷን ሲያወጡ ድምፃቸው ራሱ ዝቅ ይላል።

እኔ ደግሞ ሳያት ጠገራ ናት። በአንድ በኩል ሴት፣ በጀርባዋ ንስር። መጠኗም ክብደቷም ያው ጠገራ። እንግሊዝኛ ቢኖረኝ "ይችን እኛ አገር እናውቃታለን" እላቸው ነበር።

አሁን ስለ ልጄ ልናገር። በሱዳን በኩል ስወጣ ገና በእግሯ ያልቆመች ልጅ ደሴ ለእናቴ ጥዬ ነው የወጣሁት። አድጋ ወይዘሪት ሆናለች። ድምፅዋን አውቃለሁ፤ ቁመቷን አላውቅም። ሰው ጠይቄ የተነገረኝ፣ ሲቲዝን ከሆንኩ ቶሎ እንደምትመጣ፣ ሃያ አንድ ዓመት ከሞላት ግን ነገሩ ብዙ ዓመት እንደሚጓተት ነው። ዕድሜዋ እየሮጠ ነበር። ማመልከቻ አስገብቼ ቀጠሮ ስጠብቅ፣ ፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለቴ እከፍት ነበር። በመጨረሻ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ። እናቴ እኔን ስትወልድ ምጥ ጠንቶባት የተሳለችው ጠገራ ብር ነው። በእኔም አፍ የመጣው እሱ ነው። "ለኢንተርቪው ከተጠራሁ ጠገራ አገባለሁ" አልኩ፤ አውሮራ ውስጥ ጠገራ ከየት እንደማመጣ ሳላስብ።

ጥሪው መጣ። በማግስቱ ሽማግሌው ቤት ስገባ ፊቴ ያስታውቅ ነበር መሰለኝ፣ "ምን አገኘሽ ዛሬ?" አሉኝ። ደህና ቀናቸው ነበር፤ በስሜ ነው የጠሩኝ። ያቺ ባለችኝ እንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ልጄን። ቀጠሮውን። ቤተ ክርስቲያን ቃል መግባቴን። ጠገራ የሚለው ቃል ሲጠፋኝ "ብር፣ ትልቅ፣ ሴትዮ፣ ወፍ" አልኩና በጣቴ ክብ ሠራሁ።

ሳቁ። ከዚያ ተነስተው፣ ግድግዳ ይዘው መኝታ ቤት ገቡ። ቆዩ። ሲመለሱ ያችን ሁለት ሲ ያለባትን ይዘዋል። ከላስቲክ ቤቷ አውጥተው መዳፌ ላይ አደረጉና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፏቸው። በጠርዟ አልያዟትም።

"ለቤተ ክርስቲያንሽ" አሉ።

ኤጀንሲው ስንቀጠር ከምንጠብቀው ሰው ስጦታ እንዳንቀበል ነግሮናል። ያን ሳልረሳ ነው የተቀበልኩት፤ ምክንያቱም ለእኔ አልተሰጠኝም። አገር ቤት ሰው መንገድ ካልመቸው ስለቱን ለማያውቀው መንገደኛ ሰጥቶ "አደራህን፣ አድርስልኝ" ይላል። ተቀባዩ እምቢ አይልም። እምቢ ቢል በማን ላይ ነው እምቢ ያለው? እኔም ራሴን እንደዚያ ነው ያየሁት። በሁለት እጄ ተቀብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እሳቸው ደንግጠው እግራቸውን ሰበሰቡ።

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ዕለት በረዶ ጥሎ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ስለት የገባው ዕቃ ሁሉ ለጨረታ ቀረበ፤ ጥላ፣ መጋረጃ፣ ማር፣ ዳቦ። የእኔ ብር ተራዋ ሲደርስ ጨረታ መሪው ከፍ አድርጎ አሳየና "ምእመናን፣ ይህች እንደ እናንተ በአውሮፕላን የመጣች አይደለችም፣ የአገሩ ተወላጅ ናት! አሞራው ሳይበር ቶሎ በሉ!" አለ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ዋጋው ወጣ። አንድ ባለታክሲ ከኋላ ሆኖ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሁሉን ዝም አሰኘ። እልልታው ቤቱን አናጋው። አልቅሼ ነበር። ስለቴ እንዲህ ከብሮ ገባ ብዬ።

ብዙም አልቆየም፣ የሽማግሌው ልጅ ከካሊፎርኒያ መጣች። አባቷን የአረጋውያን መጦሪያ ልታስገባ፣ ቤቱን ልትዘጋ ነው። የድሮ ሳንቲም ነጋዴ ጠርታ ነበር፤ ስብስቡን ሊገምት። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ ያያል። እኔ ወጥ ቤት ሾርባ አሞቃለሁ። "አንድ ጎድሏል" ሲል ሰማሁት። ባዶ የላስቲክ ቤት በእጁ ይዟል። ላዩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበና ፉጨት የመሰለ ድምፅ አወጣ።

ሾርባውን ከእሳት አወረድኩ።

ልጅቷ ገባች። ጎልማሳ ሴት ናት፤ በእኔ ዕድሜ ገደማ። "የካርሰን ሲቲ ዶላሩ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ" አልኩ። "አባትሽ ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ።"

"የማን ቤተ ክርስቲያን?"

"የእኔ።"

አየችኝ። "አባቴ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም።"

ከዚያ ወደ ሳሎን ዞራ፣ "አባዬ፣ ለዚህች ሴትዮ ብር ሰጥተሃታል?"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። እኔም በዓይኔ ለመንኳቸው። "የቷ ሴትዮ?" አሉ።

ነጋዴው ለልጅቷ ዋጋውን ነገራት። ቁጥሩ አልገባኝም፤ "ጥሩ መኪና ይገዛል" ያለው ግን ገባኝ። ጠገራ! ጠገራ ነው ብዬ የሰጠሁት ብር መኪና! ልጅቷ አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። በቀስታ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ "አርብ እመለሳለሁ። እስከ አርብ አምጪው። ካልመጣ ለኤጀንሲው እደውላለሁ፤ ለፖሊስም" አለች።

አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። አሻራዬ ኤጀንሲው ጋ አለ፤ ኢሚግሬሽንም ጋ አለ። ኢንተርቪው ላይ ተከሰሽ ታውቂያለሽ ወይ፣ ተይዘሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉም ያውቃል። አንዲት ስልክ ብቻ ናት የምትቀረው። እሷ ከተደወለች እኔ ሌባ ነኝ፣ ልጄ ደሴ ትቀራለች። ኮልፋክስ እስኪያልቅ ይህንኑ ሳላምጥ መውረጃዬን አለፍኩ።

መጀመሪያ ወደ ቄሱ ሄድኩ። የንስሐ አባቴ ናቸው። እንደ ልጅ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ የሰው ንብረት ለእግዚአብሔር አይሰጥም። ሰውየው ከሰጡ ግን ስለቱ ስለት ነው" አሉኝ። ከዚያ መለስ ብለው፣ "ሰጥተውሽ ነው፣ ወይስ…" ብለው አቆሙ።

"አባ፣ እርስዎም?" አልኩ።

"አይ፣ አይ፣ ልጄ፣ መጠየቅ ስላለብኝ ነው" አሉና መስቀላቸውን አወጡ። ተሳለምኩ። ግን ደሴ ብሆን እናቴ ትመሰክርልኝ ነበር፤ እዚህ አባ ካልመሰከሩልኝ ማን ይመስክርልኝ?

የባለታክሲውን ቤት የጠቆሙኝ እሳቸው ናቸው፤ ግሌንዴል ነው የሚኖረው። ደውዬ ሄድኩ። ሚስቱ ልጅ ታቅፋ በሩን ከፈተችልኝ፤ "ግቢ እትዬ፣ ውጪው ይበርዳል።" እሱ ከኤርፖርት ወረፋ ገና መግባቱ ነው፣ ካልሲውን እያወለቀ፣ "ምነው እትዬ፣ ጨረታው ካለቀ በኋላ ዋጋ ልትጨምሪ መጣሽ?" አለኝ።

ልስቅ ሞክሬ አቃተኝ። "ብሩን ነው የምፈልገው፣ ወንድሜ። መልስልኝ።"

"የቱን ብር?"

"የኪዳነ ምሕረትን።"

"እንዴ! ስለት ገብቶ ይወጣል? እንደሱ ከሆነማ እኔም አምና ያገባሁትን ጥላ ላስመልስ፣ በረዶው አስቸግሮኛል።"

"ዝም በል አንተ፣ ፊቷን አታይም?" አለችው ሚስቱ።

ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሽማግሌውን፣ ልጅቷን፣ አርብን፣ ደሴ ያለችውን። እየተናገርኩ ዓይኔ ሕፃኗ ላይ አረፈ። ከስንት ዓመት ደጅ ጥናት በኋላ የተገኘች፣ ያለ ወሯ የተወለደች ልጅ እንደሆነች ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ያውቃል። አንገቷ ላይ ቀይ ክር አለ። ክሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ያቺ። ሕፃኗ ንስሩን አፏ ውስጥ ከታ ትጠባለች፤ ምራቋ በደረቷ ይወርዳል።

"እሱ ነው?" አልኩ።

"እሱ ነዋ።"

"እንዴት ነው የታሰረው?"

"አስበሳሁት። ጎማ ቤት የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፣ በድሪል ብስት አድርጎ ሰጠኝ።" ደስ ብሎት ነው የሚነግረኝ። "እናቴ ናት በስልክ ያዘዘችኝ። የኪዳነ ምሕረት ብር ካገኘህ ብሳና እሰርላት፣ ድሮ ልጅ የሚያድገው በጠገራ ነው አለችኝ።"

እኔም ልጄ ብትሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ምን ልበለው? ቀዳዳው ብሩ ላይ ካለችው ሴትዮ ራስ በላይ፣ ልክ ከጠርዙ አጠገብ ነው። ትንፋሽ ያበላሻታል የተባለችው ብር። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ አለቀስኩ። ሚስትየዋ ውሃ አመጣችልኝ። ከዚያ ክሩን ፈታች፣ በቀሚሷ ጫፍ ምራቁን ጠረገችና እጄ ላይ አደረገችው። ሕፃኗ ጮኸች።

"ውሰጂው እትዬ። እንባ ያለበት ነገር ልጄ አንገት ላይ አይውልም።"

"የከፈልከውን ግን…" አልኩት እሱን።

"ተይ እባክሽ። ለኪዳነ ምሕረት ነው የሰጠሁት፣ ለአንቺ አይደለም" አለኝ። በሩ ድረስ ሸኘኝና፣ "ግን ያቺ ፈረንጅ ቀዳዳውን ስታይ እኔ እዚያ ባልኖር ደስ ይለኛል" አለ።

አርብ ሄድኩ። በመሐረብ ጠቅልዬ፣ መሐረቡን ጡት መያዣዬ ውስጥ። መንገድ ሙሉ ጸሎት ነው፣ ግን ምን ብዬ እንደምጸልይ አላውቅም። ቀዳዳው ይደፈን ልበል? ልጅቷም ነጋዴውም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። ግማሹ ዕቃ ካርቶን ገብቷል። ሽማግሌው ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የሚሄዱበትን ሳያውቁ ተቀምጠዋል።

መሐረቡን ፈትቼ አስቀመጥኩት።

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ነጋዴው ብሩን አነሳ፣ ቀዳዳውን ወደ መስኮቱ አዞረና በዚያ በኩል ብርሃን አየ። "ማነው የበሳው?" አለ።

"ለሕፃን" አልኩ። "አንገት ላይ። እንዳትታመም።" በአንገቴ አሳየሁት።

የፖሊስ መኪና በመንገድ ያለፈ ሲመስለኝ ጆሮዬ ራሱ ሄደ። ከዚያ ነጋዴው ሳቀ። የፌዝ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው የሞተ ነገር ፊት አንዳንዴ እንደሚስቀው ነው። ለልጅቷ በፍጥነት ያወራት ጀመር፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚናገር ግማሹ አመለጠኝ። አሁን ዋጋው የብሩ ክብደት ብቻ ነው አላት። ይህን ያህል ገባኝ። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ቃል በቃል ይዤዋለሁ፣ ምክንያቱም በዚያ ላይ ነው የተንጠለጠልኩት፦ "የሚያውቅ ሰው አይበሳውም። ሊሸጥ የወሰደ ሰው አይበሳውም። ይህች ሴትዮ ምን እንደያዘች አላወቀችም።"

ስንት ቀን ሙሉ የፈራሁት ቀዳዳ መሰከረልኝ። የንስሐ አባቴ የተጠራጠሩኝን፣ ሽማግሌው የረሱኝን፣ አንድ የጎማ ቤት ድሪል።

ልጅቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ብሩን አተኩራ አየች። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠቻቸው። በጠርዝ ያዙት። አገላብጠው አዩና "ካርሰን ሲቲ" አሉ፣ ሰው በድንገት ወንድሙን ሲያገኝ እንደሚለው። ቀዳዳውን በጣታቸው ዳሰሱ።

"እሺ" አለች ልጅቷ ለእኔ።

ያቺ ቃል ብቻ ናት። ይቅርታ አላለችም። አልደውልም አላለችም። እደውላለሁም አላለችም። ብሩን ከአባቷ እጅ ተቀብላ ኪሷ ከተተችና ካርቶን ማሸግ ቀጠለች። ለሕፃኗ መልሺልኝ ልላት ፈልጌ ተውኩት። ለሽማግሌው ለመጨረሻ ጊዜ ጫማቸውን አሠርኩላቸው። "አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ" አሉኝ፤ "ማን ላከሽ?"

ከዚያ በኋላ ኤጀንሲው ሌላ ቤት መደበኝ። እኔ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር የማላውቀው ቁጥር ከሆነ አላነሳም። የሽማግሌው ልጅ ደውላ ይሆን? ሳትደውል ቀርታ ይሆን? የሚነግረኝ የለም። ማንን ልጠይቅ? ጠይቄ ያልሰሙትን ላሰማ? ባለታክሲውን ቤተ ክርስቲያን ሳየው በሌላ በር እወጣለሁ፤ አንድ ቀን ሕፃኗ ጉንፋን ይዟታል ሲባል ሰምቼ ሳልተኛ ነው የነጋው። ሕፃኗ ዳነች። እኔ ፍርሃቴ አልዳነልኝም።

የኢንተርቪው ቀን ደረሰ። ጥያቄዎቹን ከሲዲ እየሰማሁ አጥንቻለሁ። ሹሙ ወጣት ነው፣ ፊቱ የማይነበብ። ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ባንዲራው ጠየቀኝ፤ መለስኩ። ከዚያ እነዚያ መጡ። ተይዘሽ ታውቂያለሽ? ኖ። ተከሰሽ ታውቂያለሽ? ኖ። ወንጀል ሠርተሽ ያልተያዝሽበት ጊዜ አለ?

ቆምኩ።

ሲዲው ላይ መልሱ ኖ ነው። አውቀዋለሁ። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ ወደ እሱ ነው የዞረው፣ ምን እንደተጻፈበት አላይም። የሽማግሌው ልጅ ደውላ ከሆነ እዚያ ውስጥ ነኝ፤ ኖ ካልኩ ዋሽቼ ተገኘሁ። ሰጡኝ። ሽማግሌው በእጃቸው ጣቶቼን አጠፉልኝ። ወንጀል ይባላል እንዴ ይህ? ለማን ላስረዳው?

"ጥያቄው ገብቶሻል?" አለኝ ሹሙ።

"ገብቶኛል።"

"እና?"

"ኖ" አልኩ።

አየኝ። ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለሰ። ጣቱ ሲመታ፣ ሲመታ፣ ሲያቆም ሰማሁ። ከዚያ አንድ ወረቀት አንሸራቶ ሰጠኝና "እንኳን ደስ አለሽ፣ ዜጋ የምትሆኚበት የመሐላ ቀን በፖስታ ይነገርሻል" አለ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የስልክ ካርዴን ቁጥር ተሳስቼ፣ እንደገና ተሳስቼ፣ ደሴ ደወልኩ። እሷ ናት ያነሳችው።

"እማ? ምን አሉሽ? አይሰማም እኮ፣ ምነው በሹክሹክታ?"

"አለፍኩ።"

እልል ልትል አፏን ስትከፍት ሰማኋት። "ዝም በይ!" አልኳት። "ዝም በይ ልጄ። ለማንም እንዳትነግሪ። ለአያትሽም።"

"አልፈሽ የለ እንዴ? ምን ሆነሻል?"

"መሐላው እስኪያልቅ። ዝም።"

የሕንፃው በር ተከፈተ፤ ዞር አልኩ። ወረቀት የያዘ ሰውዬ ነው፤ ስሜን አልጠራም፤ አለፈኝ።

"እማ፣ አለሽ? ማንን ነው የምትፈሪው?"

"ማንንም። ብቻ ዝም በይ።"

"እሺ" አለች። ቀጥላም፣ "እሺ፣ አልናገርም" አለች፤ እሷም በሹክሹክታ።